ለሣር ማጨድ ሥራ የሚሆን ተቀምጠው የሚነዱት ማሽን እንዴት ይመረጣል?

ብዙ ሰው ማሽን ሊገዛ ሲወጣ መጀመሪያ የሚጠይቀው "ስንት ፈረስ ጉልበት ነው?" ብሎ ነው። ቀጥሎ ዋጋውን ይጠይቃል። ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው፤ መቅደም ያለባቸው ግን ሌሎች ናቸው። ሣር በማጨድ የሚተዳደር ሰው ገንዘብ የሚያገኘው ማሽኑ ሲሠራ ብቻ ነው። በሥራ ወቅት አንድ ሳምንት የቆመ ማሽን፣ የፈለገ ጉልበት ቢኖረው፣ ደንበኛ ያሸሻል። ስለዚህ ምርጫው የሚጀምረው ከምታጭዱት ግቢና ማሽኑን ከሚጠግንላችሁ ሰው ነው። ሞተሩ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ደረጃ 1፦ ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት ግቢዎቹን ለኩ

ወረቀትና ሜትር ያዙ። አሁን የምታጭዷቸውን ግቢዎች፣ ገና ጀማሪ ከሆናችሁ ደግሞ ልትይዟቸው የምታስቧቸውን፣ አንድ በአንድ ዙሩ። ለእያንዳንዱ የሣሩን ስፋት በካሬ ሜትር፣ የጠባቡን በር ስፋትና የተዳፋቱን መጠን ጻፉ። ሣሩ የሚታጨደው አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ሆኖ ነው ወይስ እርጥብ ሆኖ የሚለውንም አትርሱ።

በር ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ከቋሚ እስከ ቋሚ መለካት አይበቃም። መዝጊያው ተከፍቶ ሲቆም ምን ያህል ቦታ ይወስዳል? ማጠፊያውና መቀርቀሪያው ስንት ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ገብተዋል? በሩን እንዳለፋችሁ ወዲያው የሚያስጠመዝዝ ጥግ አለ? እነዚህን ሁሉ እዩ። በማስታወቂያ ላይ የሚጻፈው ስፋት ምላጮቹ የሚያጭዱት ስፋት ነው። የብረቱ ዳርና በጎን በኩል ሣሩ የሚወጣበት መከለያ ከዚያ በላይ ይሄዳሉ። 60 ኢንች፣ ማለትም 152 ሴንቲ ሜትር የሚያጭድ ማሽን፣ መከለያው ተዘርግቶ ሲለካ ወደ 185 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። መከለያውን ወደ ላይ አጥፎ ማለፍ ይቻላል። ያኔም ቢሆን በሁለቱም በኩል ጥቂት ሴንቲ ሜትር ካልተረፈ፣ በየሳምንቱ የደንበኛን በር መቧጨር ይመጣል።

ተዳፋቱን በዓይን አትገምቱ። ስልካችሁ ላይ ያለውን የውሃ ልክ መተግበሪያ ክፈቱ፣ ሣሩ ላይ ረዘም ያለ ቀጥ ያለ እንጨት አስቀምጡ፣ ስልኩን እላዩ ላይ አድርጋችሁ ዲግሪውን አንብቡ። ለብዙዎቹ ተቀምጠው ለሚነዱ ማሽኖች አምራቾቹ የሚያስቀምጡት ጣሪያ 15 ዲግሪ ነው፤ አንዳንዶቹ ከዚያም ያወርዱታል። 15 ዲግሪ ማለት አግድም 10 ሜትር ሲኬድ ወደ 2.7 ሜትር ከፍ ማለት ነው። ቆማችሁ ስታዩት ብዙም አያስፈራም፤ አደገኛ የሚያደርገውም ይኸው ነው።

ደረጃ 2፦ የማሽኑን ዓይነት ወስኑ

ገበያ ላይ ካሉት የትራክተር ቅርጽ ያላቸውን የቤት ማሽኖች መጀመሪያ ከዝርዝሩ አውጧቸው። መሪ አላቸው፣ ለመንዳት ይቀላሉ፣ ዋጋቸውም ደህና ነው። ግን የተሠሩት ሰው የራሱን ግቢ በሳምንት አንድ ጊዜ እንዲያጭድባቸው ነው። የቤት ማሽን በዓመት ጥቂት አሥር ሰዓቶች ይሠራል። የእናንተ ግን በአንድ ሳምንት ብቻ 30 እና 40 ሰዓት ሊሠራ ነው። በዚያ ላይ ዛፍ ዙሪያ ለመዞር ወደ ኋላና ወደ ፊት ሲሉ የሚባክነው ጊዜ ቀላል አይደለም።

የዚህ ሥራ ዋና ማሽን ዜሮ ተርን የሚባለው ነው። መሪ የለውም፤ ሁለት ማንሻዎች አሉት። የግራው የግራውን የኋላ ጎማ፣ የቀኙ የቀኙን ያዛል። አንዱን ወደፊት ሌላውን ወደኋላ ስታደርጉት ማሽኑ እቆመበት ላይ ይዞራል። በአሜሪካ በ1960ዎቹ የተጀመረው ይህ አሠራር ዛሬ የሣር ማጨድን ሥራ በሙሉ ይዞታል። ኤክስማርክ፣ ስካግ፣ ቶሮ፣ ፌሪስ፣ ሃስለር፣ ግሬቭሊ፣ ጆን ዲርና ኩቦታ ሁሉም ለባለሙያ የሚሆን ዜሮ ተርን ይሠራሉ። አንዳንዶቹ ግን በዚያው ስም የቤት ማሽንም ይሸጣሉ። ስሙን አይታችሁ ብቻ አትግዙ፤ የትኛው ሞዴል ለሥራ፣ የትኛው ለቤት እንደሆነ አጥብቃችሁ ጠይቁ።

ዜሮ ተርን አንድ ጸባይ አለው፤ ሳታውቁት እንዳትገዙት። የፊት ጎማዎቹ እንደ ጋሪ ጎማ በነጻ የሚሽከረከሩ ናቸው። የሚነዳው፣ የሚዞረውም፣ የሚቆመውም በኋላ ጎማዎቹ ነው። ስለዚህ እርጥብ ተዳፋት ላይ የኋላ ጎማዎቹ ሲንሸራተቱ መሪውም ፍሬኑም በአንድ ጊዜ ይጠፋሉ፤ ማሽኑ ወደ ተዳፋቱ ሥር በራሱ መንገድ ይሄዳል። ይህን ለመቀነስ መሪ ተገጥሞላቸው የፊት ጎማቸውም አብሮ የሚዞር ዜሮ ተርኖች አሉ፤ ካብ ካዴት በዚህ ይታወቃል። ግቢዎቻችሁ ተዳፋት የሚበዛባቸው ከሆነ ይህን ዓይነት፣ ወይም ቀጥሎ ያለውን እዩ።

ቀጥሎ ያለው ቆመው የሚነዱት ነው። ራይት የተባለው አምራች በዚህ ስሙን ተክሏል፤ አሁን ሌሎቹም ይሠሩታል። አጠር ያለ ስለሆነ ተሳቢ ላይ ቦታ ይቆጥባል፣ ክብደቱ ይቀላል። ማሽኑ መንሸራተት ከጀመረ ወደ ኋላ ወርዶ መገላገል ይቻላል። ሣሩ ላይ የወደቀ ጠርሙስ ወይም የልጅ መጫወቻ ለማንሳት መውረድና መውጣትም ቅጽበት ነው። ጉዳቱ እግር ነው፤ ስምንት ሰዓት ሙሉ መቆምን ሁሉም ሰው አይችለውም። ትንንሽ ግቢዎች በብዛት ይዤ የምሠራ ብሆን የመጀመሪያ ምርጫዬ ይህ ነበር። ተቀምጠው የሚነዱት ማሽን ፈልገው ለመጡ ሰዎች ይህ ቅር ሊያሰኝ ይችላል፤ ቢሆንም ሳትሞክሩት አትለፉት።

የታጨደውን ሣር ሁሉ ሰብስቡልን የሚሉ ደንበኞች ከበዙባችሁ ደግሞ፣ የሚያጭደው ክፍል ከፊት ሆኖ ሣሩን ወደ ኋላ ማጠራቀሚያ የሚስቡትን እንደ ዎከር ያሉትን ተመልከቱ። ዋጋቸው ይወደዳል፤ ለዚህ ሥራ ግን ተወዳዳሪ የላቸውም።

ደረጃ 3፦ ስፋቱን በስሌት ምረጡ

ዴክ የሚባለው ምላጮቹን የሚሸፍነው የብረት አካል ነው። ለሥራ የሚሆኑት ከ36 ኢንች (91 ሴ.ሜ) ጀምሮ 48 (122 ሴ.ሜ)፣ 52 (132 ሴ.ሜ)፣ 60 (152 ሴ.ሜ) እያሉ እስከ 72 ኢንች (183 ሴ.ሜ) ይደርሳሉ።

ስሌቱ ይህ ነው። ስፋቱን በሜትር፣ ፍጥነቱን በሰዓት በሜትር አባዙ። ከዚያ 80 በመቶውን ብቻ ውሰዱ፤ ቀሪው በመዞርና መስመር በመደራረብ ይጠፋል። 132 ሴንቲ ሜትር ዴክ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ቢሄድ በሰዓት ወደ 10,600 ካሬ ሜትር ያጭዳል። 152 ሴንቲ ሜትሩ ደግሞ ወደ 12,200 ካሬ ሜትር። ልዩነቱ በሰዓት 1,600 ካሬ ሜትር ገደማ ነው።

አሁን ይህን ወደ ግቢያችሁ አምጡት። ሰፊ የትምህርት ቤት ሜዳ ወይም መናፈሻ ከሆነ ልዩነቱ በሳምንት ሰዓታት ያተርፋል፤ ሰፊውን ግዙ። 300 ካሬ ሜትር ያለው የመኖሪያ ቤት ግቢ ከሆነ ግን በስሌቱ መሠረት የምታተርፉት ሩብ ደቂቃ አካባቢ ነው። ሰፊው ዴክ በበሩ አልገባ ብሎ የጓሮውን ሣር በሚገፋ ማሽን ማጨድ ካለባችሁ ደግሞ 20 ደቂቃ ትከስራላችሁ። ሰፊ ዴክ ሌላም ችግር አለው። መሬቱ ወጣ ገባ ከሆነ ከፍ ያለውን ቦታ እስከ አፈሩ ይልጠዋል፣ ዝቅ ያለውን ሳይነካ ያልፋል።

ሻጮች ማሽኑ በሰዓት 16 ወይም 19 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ይሏችኋል። እውነት ነው፣ ይሄዳል። ግን በዚያ ፍጥነት ጥሩ አድርጎ አያጭድም። ጥሩ አቆራረጥ የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ በሰዓት ከ6 እስከ 10 ኪሎ ሜትር ባለው ውስጥ ነው። ከፍተኛው ፍጥነት ከአንዱ ሜዳ ወደ ሌላው ለመሻገር ነው የሚጠቅመው።

አንድ ማሽን ብቻ የምትገዙ ከሆነና ግቢዎቹ የተቀላቀሉ ከሆኑ፣ ከ48 እስከ 54 ኢንች ባለው ውስጥ ቆዩ። በጣም ጠባብ ለሆኑት በሮች የሚገፋ ማሽን ይዛችሁ መዞራችሁ አይቀርም።

ደረጃ 4፦ ዴኩን ጎንበስ ብላችሁ እዩ

ሱቅ ውስጥ ሰው ሁሉ መቀመጫው ላይ ወጥቶ ማንሻውን ሲነካካ ይታያል። እናንተ መሬት ላይ ተንበርከኩ። ገንዘቡ ያለው እዚያ ታች ነው።

ዴክ በሁለት መንገድ ይሠራል። አንደኛው አንድ ላሜራ በማሽን ተጨፍልቆ ቅርጽ የሚይዝበት ነው። ሁለተኛው ወፍራም ብረት ተቆርጦ በብየዳ የሚገጣጠምበት ነው። ለሥራ የሚሆነው ሁለተኛው ነው። ውፍረቱ በጌጅ ይለካል፤ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ብረቱ ይወፍራል። 7 ጌጅ 4.6 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፣ 10 ጌጅ 3.4፣ 12 ጌጅ 2.7። ከላይ ያለው ጣሪያ፣ ጎኑና ስፒንድሉ የሚታሰርበት ቦታ የየራሳቸው ውፍረት ሊኖራቸው ስለሚችል ሦስቱንም ጠይቁ። ስፒንድሉ የሚታሰርበት ቦታ ላይ ተጨማሪ ብረት መደረቡን በዓይናችሁ አረጋግጡ።

ስፒንድል ምላጩን የሚያሽከረክረው ዘንግ ከነቤቱ ነው። የመንገድ ጠርዝና የዛፍ ሥር ሲመታ ዱላውን የሚቀበለው እሱ ነው። ቤቱ ከብረት ወይም ከአሉሚኒየም ይሠራል፤ ውስጡ ኩሽኔታ አለ። መጠየቅ ያለባችሁ ሦስት ነገር ነው፦ ቤቱ ከምን ተሠራ? ግራሶ ይጠጣል ወይስ የታሸገ ነው? ኩሽኔታው ብቻውን ይቀየራል ወይስ ሙሉው ስፒንድል መገዛት አለበት? የታሸገው ግራሶ አይፈልግም፣ ለረሳ ሰው ይመቻል። እኔ ግን የሚጠግነውን ሰው አይቼ ነው የምወስነው፤ ኩሽኔታው በቀላሉ ከተገኘና ጋራዥ ውስጥ በግማሽ ሰዓት ከተቀየረ ሁለቱም ጥሩ ናቸው።

"ምላጩ ከሌሎች በጣም ይፈጥናል" የሚለውን ማስታወቂያ ብዙ ቦታ አትስጡት። በአሜሪካ የደኅንነት ደረጃ መሠረት የምላጩ ጫፍ ፍጥነት በደቂቃ ከ19,000 ጫማ፣ ማለትም ከ5,800 ሜትር ገደማ እንዳያልፍ ተወስኗል። ሁሉም ጥሩ አምራቾች ወደዚያ ተጠግተው ነው የሚሠሩት። ልዩነቱን የሚያመጣው ዴኩ ውስጥ ያለው የአየር መንገድ ነው። ጥልቀት ያለውና መከለያዎቹ በደንብ የተቀመጡለት ዴክ ሣሩን ወደ ላይ ስቦ ያቆመዋል፣ ቆርጦም ሳይከምር ይበትነዋል። ጠለቅ ያለ ዴክ ረጅምና እርጥብ ሣር ላይ ሳይታፈን ይሠራል።

የቺንጋውን መንገድም ተከተሉ። ከሞተሩ እስከ መጨረሻው ፑሌጃ ድረስ በስንት ቦታ ይጠማዘዛል? ብዙ በተጠማዘዘ ቁጥር ቶሎ ይበላል። መሸፈኛውን አንስቶ ቺንጋ መቀየር ምን ያህል ጊዜ እንደሚወስድ ሻጩ እፊታችሁ ያሳያችሁ።

ደረጃ 5፦ ሞተሩ

ለሥራ የሚሆኑት ማሽኖች ላይ የምታገኙት በአብዛኛው ሁለት ሲሊንደር ያለው፣ በአየር የሚቀዘቅዝ የቤንዚን ሞተር ነው። ካዋሳኪ፣ ኮህለር፣ ሆንዳና የብሪግስ ኤንድ ስትራተን ቫንጋርድ የታወቁት ናቸው። እዚህም ስም ብቻ አይበቃም። ካዋሳኪ ለምሳሌ ኤፍአር፣ ኤፍኤስና ኤፍኤክስ የተባሉ ቤተሰቦች አሉት። ኤፍአር ለቤት፣ ኤፍኤስ ለቀለል ያለ ሥራ፣ ኤፍኤክስ ለከባድ ሥራ የታሰቡ ናቸው። ማሽኑ ላይ "ካዋሳኪ" የሚለውን አይታችሁ ረክታችሁ አትሂዱ። ኤፍኤክሱን በቀላሉ የምትለዩት ከላይ በተገጠመው ትልቅ ክብ የአየር ፊልትሮ ነው። አቧራ ውስጥ ለሚውል ሞተር ዕድሜው ያ ፊልትሮ ነው።

ፈረስ ጉልበት ላይ ያለኝን ሐሳብ በአንድ ምሳሌ ልናገር። የካዋሳኪ ኤፍኤክስ 691 ወደ 22፣ ኤፍኤክስ 730 ደግሞ ወደ 23.5 ፈረስ ጉልበት ይባላሉ። ሁለቱም 726 ሲሲ ናቸው፤ ሲሲ የሲሊንደሮቹ ይዘት ነው። ልዩነቱን ሣሩ ላይ የሚለየው ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ ሲሲውንም ጠይቁ። በግርድፉ ለ48 ኢንች 20 እና 22፣ ለ52 እና 54 ከ22 እስከ 25፣ ለ60 ኢንች ደግሞ ከ25 በላይ ፈረስ ጉልበት ይበቃል። ሣሩን ሰብስባችሁ የምትጭኑ ከሆነ ወይም ረጅምና እርጥብ ሣር የሚበዛባችሁ ከሆነ አንድ ደረጃ ከፍ በሉ።

የምትሠሩት ከፍታ ቦታ ላይ ከሆነ ሌላ ሒሳብ አለ። አየሩ ሲሳሳ ሞተሩ በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ገደማ ጉልበቱን ያጣል። 2,000 ሜትር ላይ አንድ አምስተኛው የለም ማለት ነው። ካርቡራቶር ያለው ከሆነ ለከፍታ የሚሆን ጄት (ነዳጁ የሚያልፍበት ትንሽ ቀዳዳ) ያስፈልገዋል፤ አለበለዚያ ነዳጅ ይበዛበታል፣ ካንዴላውም ይጠቁራል። በኤሌክትሮኒክ ነዳጅ የሚረጨው ራሱን ያስተካክላል፤ የጠፋውን ጉልበት ግን አይመልስም።

በኤሌክትሮኒክ የሚረጨው ነዳጅም ይቆጥባል። ኮህለር በራሱ ሞተር እስከ 25 በመቶ ይቆጥባል ይላል። ይህን መጠን የየዕለቱ ሥራ ነው የሚወስነው። ግን እንዲህ ያለ ማሽን በሰዓት ከ4 እስከ 6 ሊትር እንደሚጠጣ አስቡ። በዓመት 1,000 ሰዓት ከሠራችሁ ከ4,000 እስከ 6,000 ሊትር ነው። ከዚያ ላይ 10 በመቶ ብቻ ቢቆጠብ እንኳ የዋጋውን ልዩነት ለመመለስ ይረዳል። ሲበላሽ ግን መመርመሪያ መሣሪያ ይፈልጋል። በአካባቢያችሁ ያ መሣሪያ ያለው ባለሙያ ከሌለ ካርቡራቶር ያለውን ውሰዱ፤ ነቅሎ ማጠብ የሚችል ሰው አይጠፋም።

ናፍጣ ለትልልቅ ሜዳዎች ጥሩ ነው፤ ከባድና ውድ ነው፤ ለጀማሪ አልመክረውም። በባትሪ የሚሠሩት ለሆስፒታል፣ ለትምህርት ቤትና ድምፅ ለተከለከለበት ሰፈር ይስማማሉ። ባትሪው ቀኑን ሙሉ ይበቃ እንደሆነ ግን በራሳችሁ ሣር ላይ ነው መፈተን ያለበት። ረጅም ሣር ባትሪን በፍጥነት ይጨርሳል።

ደረጃ 6፦ ካምቢዮው

ብዙ ገዢ ይህን ዘልሎ ያልፋል። እኔ ግን ለሥራ ማሽንና ለቤት ማሽን እውነተኛው ድንበር እዚህ ነው እላለሁ። ዜሮ ተርን የሚነዳው በዘይት ግፊት፣ ሃይድሮስታቲክ በሚባል አሠራር ነው። ለእያንዳንዱ የኋላ ጎማ አንድ ፓምፕና አንድ የጎማ ሞተር አለ። በአንዳንዶቹ ሁለቱ በአንድ ቤት ውስጥ ተጠቃለዋል፤ በከባዶቹ ማሽኖች ተለያይተው በቱቦ ይገናኛሉ።

ብዙ አምራቾች የሚጠቀሙት ሃይድሮ ጊር የተባለው ኩባንያ የሚሠራውን ካምቢዮ ነው። ዜድቲ 3400፣ 4400፣ 5400 የሚሉ ቁጥሮች ታያላችሁ፤ ቁጥሩ ሲጨምር ካምቢዮው ከባድ ሥራ ይችላል። የቤት ማሽኖች ላይ ያሉት ትንንሾቹ ግን ዘይታቸው እንዲቀየር ታስበው የተሠሩ አይደሉም። ሲያረጁ ሙሉ ይቀየራሉ። ስለዚህ ጥያቄው ቀላል ነው፦ የካምቢዮው ዘይት ይቀየራል? ፊልትሮው ከውጭ ይታያል? ለሁለቱም "አዎ" ካልተባላችሁ ማሽኑ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ደረጃ 7፦ የሚነዳውን ሰው አስቡ

ማሽኑ፣ ቢገለበጥ ነጂውን የሚከላከል ከመቀመጫው ጀርባ የቆመ የብረት ቅስት ሊኖረው ይገባል። ቅስቱ ቆሞ ሳለ ቀበቶ ይታሰራል። ከዛፍ ሥር ለማለፍ ቅስቱ ሲታጠፍ ግን ቀበቶው ይፈታል፤ ማሽኑ ቢገለበጥ ሰውየው መውጣት አለበት። ሠራተኛ የምትቀጥሩ ከሆነ ይህን አንድ ነገር በመጀመሪያው ቀን አስተምሩት። ከመቀመጫው ሲነሱ ምላጩን የሚያቆመው ማብሪያም በትክክል መሥራት አለበት። አንዳንድ ሰው ያስቸግረኛል ብሎ በሽቦ ያገናኘዋል። ያንን ያደረገ ሠራተኛ ካያችሁ ማሽኑን ወዲያው አስቁሙ።

መቀመጫው ላይ ገንዘብ አትቆጥቡ። በቀን ስምንት ሰዓት የሚንቀጠቀጥ ወገብ ሥራ ያስፈታል። ቶሮ ከመቀመጫው ሥር ያለውን መድረክ በሞላ በስፕሪንግ ያንሳፍፈዋል፤ ፌሪስ ደግሞ ጎማዎቹ ላይ ሳስፔንሽን ይሠራል። ሁለቱንም ሞክሩና የሚስማማችሁን ያዙ። የጆሮ መከላከያም ከማሽኑ ጋር አብሮ ይገዛ።

ደረጃ 8፦ ሻጩንም መርምሩ

ሁለት ማሽኖች ተቀራራቢ ከሆኑ፣ ጥሩ ጥገና ያለውን ሻጭ ምረጡ። ማሽኑ ትንሽ ቢያንስም እንኳ። የመለዋወጫውን መስኮት ጠጋ ብላችሁ "የዚህ ማሽን ምላጭ፣ ቺንጋና አንድ ስፒንድል አሁን መደርደሪያው ላይ አለ?" ብላችሁ ጠይቁ። "እናስመጣለን" የሚለው መልስ በሥራ ወቅት ስንት ቀን ማለት እንደሆነ ጠይቁ። ማሽናችሁ ጋራዥ ሲገባ ምትክ ይሰጣሉ? ለባለሙያዎች ቅድሚያ አላቸው? ሥራው የሞቀ ቀን ጠዋት ሂዱና ስንት ሰው ወረፋ እንደያዘም እዩ።

ዋስትናውን ሙሉውን አንብቡ። የቤት ማሽን ዋስትና ለሥራ ከተጠቀማችሁበት ሊያጥር ወይም ጨርሶ ሊቀር ይችላል። የሥራ ማሽኖች ዋስትና ደግሞ አንዳንዱ በዓመት፣ አንዳንዱ በሰዓት ይቆጠራል፣ ብዙ ጊዜም "ከሁለቱ የቀደመው" ይላል። ሦስት ዓመት ተብሎ 1,000 ሰዓት ከተወሰነበት፣ ጠንክሮ ለሚሠራ ሰው አንድ ዓመት ነው።

ሒሳቡን በሰዓት አስሉት። ከመግዣው ዋጋ ላይ ሲሸጥ የሚያወጣውን ቀንሱ፤ የቀረውን ለሚሠራባቸው ሰዓቶች አካፍሉ። በደንብ የተያዘ የሥራ ማሽን 2,000 ሰዓትና ከዚያ በላይ ይሠራል። እንበልና አንዱ ማሽን 500 ሰዓት ሠርቶ ያልቃል፣ ሌላው ዋጋው እጥፍ ሆኖ 2,500 ሰዓት ይሠራል። ውዱ በሰዓት የሚያስወጣችሁ የርካሹን 40 በመቶ ብቻ ነው። የቆመበት ቀን ገና አልተቆጠረም።

ተሳቢያችሁንም አትርሱ። የ60 ኢንች ዜሮ ተርን ክብደት ከ500 እስከ 700 ኪሎ ግራም ይደርሳል። የተሳቢው አቅም፣ የመወጣጫው ስፋትና የሚስበው መኪና ይህን ይችሉ እንደሆነ ከመፈረማችሁ በፊት እዩ።

ደረጃ 9፦ በራሳችሁ አስቸጋሪ ግቢ ላይ ሞክሩት

በሻጩ ግቢ ውስጥ ያለው ለስላሳ ሣር ምንም አይነግራችሁም። ጥሩ ሻጭ ማሽኑን ወደ እናንተ ቦታ ያመጣል። ከዝርዝራችሁ አስቸጋሪውን ግቢ ምረጡና ቢያንስ አንድ ሰዓት ንዱት።

ካጨዳችሁ በኋላ ወርዳችሁ ጎንበስ በሉ። በሁለት ምላጮች መካከል ሳይቆረጥ የቀረ ቀጭን መስመር አለ? የሣሩ ጫፍ በንጹሕ ተቆርጧል ወይስ ተቦጫጭቋል? እርጥቡ ቦታ ላይ ሣሩ ተከምሮ ቀርቷል? መቀመጫው ላይ ሆናችሁ የዴኩ የፊት ጥግ ይታያችኋል? ይህ የመጨረሻው ትንሽ ይመስላል፤ አበባ መደብ አጠገብ ስትደርሱ ግን ዋናው እሱ ነው።

የሚፈተነው ማሽን ያገለገለ ከሆነ ምርመራው ይጠብቃል። ሞተሩን ቀዝቃዛ ሆኖ አግኙት፤ ሻጩ ቀድሞ አሙቆት ከጠበቃችሁ ተመልሳችሁ ሌላ ቀን ኑ። ሲነሣ ሰማያዊ ጭስ ካለ ዘይት እየበላ ነው። የዘይት መለኪያውን አውጥታችሁ አሽትቱ፤ ቤንዚን ቤንዚን ካለ የነዳጅ ችግር አለበት። ከዚያ ሞተሩን አጥፉ፣ ቁልፉን ኪሳችሁ ክተቱ፣ የካንዴላውን ሽቦዎች ንቀሉ፣ ወፍራም ጓንት አድርጉ። የእያንዳንዱን ምላጭ ጫፍ ይዛችሁ ወደ ላይና ወደ ታች ነቅንቁት። መላወስ ከተሰማችሁ ኩሽኔታው አልቋል ወይም ዘንጉ ታጥፏል። ምላጩን በእጅ ስታሽከረክሩት የአሸዋ ድምፅ ካለውም እንደዚያው ነው። ስፒንድሉ የታሰረበትን ብረት ዙሪያውን በባትሪ መብራት እዩ፤ ስንጥቅና አዲስ ብየዳ እዚያ ይገኛል። በቀለም የተሸፈነ ብየዳ ካገኛችሁ ምክንያቱን ጠይቁ።

ካምቢዮውን ለመፈተን ደግሞ ሙቀት ያስፈልጋል። ለ30 ደቂቃ ያህል ሥሩበት፣ ከዚያ መጠነኛ ዳገት አውጡት። ዘይቱ ሲሞቅ ስለሚቀጥን፣ ያለቀ ፓምፕ ቀዝቃዛ ሆኖ የደበቀውን ድካም ያኔ ያሳያል። አንዱ ጎን እየደከመ ማሽኑ ወደዚያ ከጎተተ ወይም የሚያፏጭ ድምፅ ከበዛ፣ ዋጋው ቢቀነስላችሁም አትግዙት። ሰዓት ቆጣሪው የሚለውንም ከመርገጫው መበላትና ከመቀመጫው መቀደድ ጋር አስተያዩት። 400 ሰዓት የሚል ቆጣሪና ቀለሙ እስከ ብረቱ የተገፈፈ መርገጫ አብረው አይሄዱም።

ደረጃ 10፦ ማሽኑ ሲመጣ

በዚያው ቀን አንድ ሙሉ የቺንጋ ስብስብ፣ ሦስት ዙር ምላጭ፣ አንድ ስፒንድልና ፊልትሮዎች አብራችሁ ግዙ። ምላጭ በየ8 እና 10 ሰዓት መሳል ስለሚፈልግ አንዱ ዙር ሲሳል ሌላው ይሠራል።

የኋላ ጎማዎቹን ንፋስ ለኩ። ግራና ቀኙ እኩል ካልሆነ ዴኩ ይዘማል፣ ማሽኑም ቀጥ ብሎ አይሄድም። ከዚያ ማሽኑን ደልዳላ ቦታ አቁማችሁ የምላጮቹን ጫፍ ከመሬት ለኩ። ግራና ቀኙ እኩል፣ የፊቱ ከኋላው ከ3 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ዝቅ ያለ መሆን አለበት፤ ትክክለኛው ቁጥር በማሽኑ መመሪያ ላይ አለ። ከፋብሪካ የመጣ ሁሉ ተስተካክሎ መጣ ማለት አይደለም፤ መንገድ ላይ ይናወጻል።

የመጀመሪያው የሞተር ዘይት ቶሎ ይቀየራል፤ ካዋሳኪ ላይ ከ8 ሰዓት በኋላ ነው። ከዚያ በኋላ በየ100 ሰዓቱ። የካምቢዮው የመጀመሪያ ዘይት ብዙውን ጊዜ ከ75 እስከ 100 ሰዓት ባለው ውስጥ ይቀየራል፣ ቀጥሎ በየ400 ሰዓቱ ገደማ። እነዚህን ሰዓቶች በማይጠፋ ቀለም መቀመጫው ሥር ጻፏቸው፤ ዘይት በተቀየረ ቁጥር ሰዓቱን ከጎኑ አስፍሩ። ማሽኑን ለመሸጥ የደረሳችሁ ቀን ገዢው መቀመጫውን ሲያነሳ ያንን ጽሑፍ ያየዋል፣ ዋጋውም በዚያ ይከበራል።